ከእግርዎ የነጠልኩት ፍሬን

ኢቶቢኮ፣ መስከረም 1990 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ወልደ ሚካኤል፣

እግርዎ ደህና ነው። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሁለት መስመር አንብበው ወረቀቱን ቢወረውሩት እንኳ ይህችን ይወቁልኝ ብዬ ነው። ነሐሴ ላይ ብሎር መንገድ የወደቁት እግርዎ ከድቶዎት አይደለም። እግርዎ በጊዜው፣ በሙሉ ኃይሉ ረግጧል። ከፔዳሉ ጋር ተያይዞ የነበረው የፊት ፍሬን ነው ያልነበረው። እሱንም የለየሁት እኔ ነኝ፤ ያልነገርኩዎትም እኔ ነኝ።

እንግዲህ እንዴት ሰነበቱ? ወይዘሮ ሙሉእመቤት እንዴት ናቸው? ልጅዎ ብሩክታዊትና ሕፃኗ ሆሣዕናስ? እኔ በጤና በኩል ምንም አልሆንኩም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጋራዥ እገባለሁ። ይህም ራሱ ያሳፍረኛል።

ለእንቁጣጣሽ ወይዘሮ ሙሉእመቤት እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን ደውለው ነበር። ሰላምታው ሲያልቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ተሻገር ልጄ፣ እስቲ ይህን ሰውዬ አነጋግርልኝ” አሉኝ። “ብሩክታዊት ሺፍት ስትገባ ሆሣዕና ፎቅ ላይ ትነቃለች። ታለቅሳለች። እሱ ደረጃው ስር ቆሞ እኔን ይጣራል። ለምን አንስተህ አታወርዳትም ስለው፣ እግሬ አይታመንም፣ ይዣት ብወድቅስ ይለኛል። ዶክተሩ ምንም የለብህም ብሎታል፤ አላመነውም። ከዘራ ገዝቷል። የገዛ የልጅ ልጁን በሩቁ ነው የሚያያት። አንተን ይሰማሃል።”

“እሺ፣ እመጣለሁ” አልኩ። መጣሁም። ኬኔዲ ጣቢያ ወርጄ ወደ ብሩክታዊት ሰፈር የሚወስደውን አውቶቡስ ጠበቅሁ። መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሾፌሩ አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ በሩን ዘጋው። በመጣሁበት ባቡር ተመለስኩ። ፊትዎን ማየት አቅቶኝ ነው የምጽፍልዎት።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላንሳው።

ያቺን ትልቅ ሞተር ካናዳዊው ሽማግሌ የሸጠልዎ ቀን፣ “ይቺን የሠራት ሰው እኔን ያውቀኛል” ብለው ነበር። ምክንያቱ ፍሬኗ ነው። የብዙ ሞተር ፔዳል የኋላውን ጎማ ብቻ ይይዛል፤ የፊቱ በእጅ ነው። የእርስዎ ግን የተያያዘ ፍሬን አላት። ፔዳሉን ሲረግጡ የኋላው ይያዛል፣ ከፊት ካሉት ሁለት ዲስኮችም አንዱ አብሮት ይያዛል፤ ለእጅ የሚቀረው ሌላኛው ብቻ ነው። ለእርስዎ ከዚህ የተሻለ ሞተር አልነበረም። አዲስ አበባ የትራፊክ ፖሊስ ሞተረኛ ሆነው የእንግዳ መኪና ሲያጅቡ፣ አሰልጣኛችሁ በኮረኮንች ላይ የፊት ፍሬን የነካውን ሁሉ ከሞተር እያወረደ በእግሩ ይሰድ እንደነበር ነግረውኛል። “እኛ በእግራችን ነው ያደግነው፤ እጃችን ለሰላምታ ነው” ይሉ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን በእግርዎ ብቻ እያቆሙ ኖረዋል። እዚህም ከኢቶቢኮው ላቦራቶሪ ሰው ሠራሽ ጥርስ እየጫኑ መሐል ከተማ ላሉት ክሊኒኮች ሲያደርሱ፣ “የቶሮንቶ ሽማግሌ ሁሉ ሥጋ የሚያኝከው በኔ ነው” እያሉ ሲያስቁን፣ ከእኛ ሁሉ ሥራውን የሚወዱት እርስዎ ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር ጋሼ። የፊት ፍሬን በእጅዎ እንደማይነኩ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ግንቦት ላይ የፊቱ ዲስክ መጋል፣ ፔዳሉም መስመጥ ጀመረ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሲነግሩኝ ያ ታክሲ ነጂ ጎረቤትዎ ስንታየሁ ከጎንዎ ቆሞ ነበር። “ዲለር ጋ ይውሰዱት ጋሼ፤ ሊንክድ ብሬክ የማንም ጋራዥ አይነካውም” አለ። “የማንም ጋራዥ” ማለቱ ደሜን አፈላው። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ለኔ አንድ ከሰዓት ይበቃኛል” አልኩ።

የሥራው ግማሽ እውነትም ቀላል ነበር። የፊቱን ፍሬን ፈታሁት፤ ፒስተኑ በመንገድ ጨው ዝጎ ተጣብቆ ኖሯል። አጸዳሁት፣ ጎሚኒዎቹን ቀየርኩ፣ አዲስ የፍሬን ሸራ አስገባሁ፣ አዲስ ዘይት ሞላሁ። የቀረው አየር ማስወጣት ብቻ ነበር፤ እዚያ ላይ ተያዝኩ። ረዥሙ ቱቦ ውስጥ አየር ከቀረ ፔዳሉ እንደ ትራስ ይሰምጣል። አስወጣሁ፣ ሰመጠ። እንደገና አስወጣሁ፣ እንደገና ሰመጠ። መኪና ላይ እንደለመድኩት ሁልጊዜ ከኋላው ጎማ ነበር የምጀምረው። መጽሐፉን ገልጬ ማየት እችል ነበር፤ እኛ ጋራዥ ግን መጽሐፍ የሚገልጥ ጀማሪ ነው፣ ይሳቅበታል። እርስዎ ጥርሱን በአውቶቡስ እያመላለሱ ማታ ማታ ይደውሉልኝ ነበር። “አትቸኩል፣ አይዞህ” ይሉኛል። አትቸኩል ባሉኝ ቁጥር ስንታየሁ ትዝ ይለኛል፣ እቸኩላለሁ።

በመጨረሻ ለያየሁት። ሁለቱንም የፊት ዲስኮች ወደ እጁ ፍሬን አዞርኩ፤ ከተጋጨ ሞተር የተፈታ ተለቅ ያለ የእጅ ፓምፕ ፈልጌ ገጠምኩ፤ ፔዳሉን ለኋላው ብቻ ተውኩት። ወደ ኋላ የሚሄደው ቱቦ አጭር ስለሆነ አየሩ ወዲያው ወጣ፣ ፔዳሉም ጠነከረ። ሥራው በራሱ ክፉ አልነበረም። በእጃቸው ማቆም የለመዱ ነጂዎች ከፍለው ያስለያያሉ። ለራሴም “አሻሻልኩለት” አልኩት። እውነቱ ግን አቅቶኝ ነው የለያየሁት፤ እንዳቃተኝ ደግሞ ለአንድ ሰው እንኳ መናገር አልፈለግሁም።

ሞተሯን ሴንት ጄምስ ታውን ይኖሩበት የነበረው ሕንጻ ፊት ያመጣሁ ዕለት ልነግርዎ ነበር። መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነው የመጣሁት፦ “ጋሼ፣ ከእንግዲህ እግርዎ የኋላውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ለማቆም በእጅዎ መያዝ ይልመዱ።” ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሰዎች ወርደው ከበውን ነበር፤ ስንታየሁም አለ። “ጋሼ፣ የፊቱን ፍሬን በእጅዎ…” ብዬ ስጀምር ስንታየሁ ከት ብሎ ሳቀ። “ኦ ማይ ጋድ! ተሻገር ለጋሽ ወልደ ሚካኤል የብሬክ ሌሰን ሊሰጥ ነው!” አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እርስዎ ብቻ አልሳቁም። ወደኔ ዞር ብለው፣ “ምን ልትለኝ ነበር ልጄ?” አሉኝ።

በሩን ከፍተውልኝ ነበር። እኔ ግን፣ “ምንም አይደል ጋሼ፣ ለጊዜው ቀስ ብለው ይንዱት ብዬ ነው” አልኩ። ለአባት ለሚሆን ሰው፣ ያውም ለሞተረኛ፣ በሰው ፊት እጅዎን እንዲህ ያድርጉ ማለት ነውር መሰለኝ፤ ሲያድር ደግሞ አክብሮት ነው አልኩት። አሁን ሳስበው አክብሮት አልነበረም። “ለምን ለየኸው?” ብለው ቢጠይቁኝ የምመልሰው ስላልነበረኝ ነው። ግንባሬን ስመው መረቁኝ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ተመረቅሁ።

ሰኔንና ሐምሌን ነዷት። አንድ ቀን፣ “አቋቋሟ ትንሽ ረዘመብኝ ልበል?” ብለውኝ ነበር፤ ያስታውሱታል? “አዲሱ ሸራ እስኪላመድ ነው” አልኩዎት። ዓይኔን በጨው አጥቤ። ያን ጊዜ ብቻችንን ነበርን፤ ስንታየሁም የለ፣ የሚስቅም የለ። ሰው ፊት ያልነገርኩት በይሉኝታ ነው ብዬ ራሴን ማታለል እችል ይሆናል፤ ለዚያኛው ቀን ግን ምንም ማመካኛ የለኝም።

ከዚያ የነሐሴው ዝናብ መጣ። የዳቦ መኪናው ከፊትዎ ድንገት ሲቆም ዕድሜ ልክዎን ያደረጉትን አደረጉ፤ ፔዳሉን ረገጡ። የኋላው ጎማ ተቆለፈ፤ ከፊት የሚይዝ ስለሌለ ሞተሯ በጎኗ ተንሸራተተች። ትከሻዎ ተቀጥቅጦ አበጠ። እግርዎን አንድም ነገር አልነካውም።

ሆስፒታል ስንደርስ፣ “የሰው ጥርስ ብሎር መንገድ ላይ ዘርቼ የራሴን አተረፍኩ” ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ሰው ሁሉ ወጣ ሲል ግን እጄን ያዙ። “ተሻገር፣ እግሬ ከዳኝ መሰለኝ” አሉኝ። “የረገጥኩ መስሎኝ ነበር እኮ። በደንብ ብረግጠው ኖሮ ትቆም ነበር። አንተ ፍሬኑን አዲስ አድርገህልኛል።” ዓይኖችዎ ዓይኖቼ ላይ ነበሩ። አይደለም እንድልዎት ነበር የፈለጉት። እኔ ምን አልኩ? “ዕድሜ ነው ጋሼ፣ ምን ይደረጋል” አልኩ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሩን አስቀምጬ ወጥቼ ነበር። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ እንደዚህ የሚያሳፍረኝ የለም። መካኒክ ይሳሳታል፤ ይህን እርስዎም ያውቁታል። ግን የለየሁትን ፍሬን ልደብቅ ብዬ ደህና እግርዎን አሳጣሁዎት፤ እርስዎም አመኑኝ። ላቦራቶሪውን ተሰናበቱ። ቤቱን ለቃችሁ ልጃችሁ ጋ ገባችሁ። የሞተሯን ቁልፍ ሲሰጡኝ፣ “ሽጣት፣ እኔ ከእንግዲህ ለመንገድም አልሆንም” አሉኝ። ተቀበልኩዎት።

ይባስ ብሎ ያመሰግኑኝ ጀመር። አዳራሹ ውስጥ አንዳንድ ሰው፣ ተሻገር የነካው ፍሬን አይደል እንዴ ማለት ሲጀምር፣ “ተሻገርን ተዉት፤ ፍሬኑ እንከን የለውም፣ የከዳኝ እግሬ ነው” ብለው አፋቸውን አስይዘዋቸዋል አሉ። ከቤተ ክርስቲያን የምናውቀው ዘርይሁን የራሱን ሞተር ሊያሠራ ይዞልኝ ሲመጣ፣ “ጋሽ ወልደ ሚካኤል ናቸው ወዳንተ የላኩኝ” አለኝ። ሞተሩን ተቀብዬ ሠራሁለት። ያን ቀን ለምን መሬት ተከፍታ እንዳልዋጠችኝ አላውቅም።

ከኬኔዲ ጣቢያ በተመለስኩ ሰሞን ሞተርዎን ከምድር ቤት ፓርኪንጉ አውጥቼ ፍሬኗን እንደነበረው ላያይዘው ተነሣሁ። ፊትዎን ማየት ቢያቅተኝ በእጄ የማውቀውን ላድርግ ብዬ ነው። ቱቦዎቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ፣ የመጀመሪያውን የእጅ ፓምፕ መልሼ ገጠምኩ። አየሩን ለማስወጣት ፔዳሉን የሚረግጥልኝ ሰው ስላስፈለገኝ ባለቤቴን ሜሮንን ጠራኋት። እርገጪ ስላት ትረግጣለች፣ ያዢ ስላት ትይዛለች።

“ጋሼ አልነዳም ብለው የለ እንዴ? ለማን ነው የምታስተካክለው?” አለችኝ።

ነገርኳት። ዲስኩን እያየሁ ነው የነገርኳት። ስጨርስ እግሯ ገና ፔዳሉ ላይ ነበር።

“እና እግራቸው ምንም አልሆነም?”

“ምንም።”

“አንተም ከዴይ ዋን ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ።”

“ኮል አድርግላቸው። አሁን።”

“አልችልም ሜሮን።”

እግሯን አነሣች። “እንግዲያው እኔም አልረግጥልህም” አለችና ወደ ቤት ገባች። ሁለት ቀን ለምግብ ካልሆነ አላነጋገረችኝም፤ እውነቷን ነው። ፔዳሉን ረግጬ በገመድ እያሰርኩ ሥራውን ብቻዬን ቀጠልኩ። በዚህ ጊዜ መጽሐፉን ገለጥኩ። ሞተሯ ላይ አየሩ መውጣት ያለበት ከፊቱ ጀምሮ ነው ይላል፤ ከሩቁ ይጀመራል። መኪና ላይ ፓምፑ ፊት ስለሆነ ሩቁ የኋላው ነው። የእርስዎ ሞተር ፓምፕ ግን እግርዎ ስር ነው፤ ከሱ የሚርቀው የፊቱ ነው። ከፊቱ ጀመርኩ። ትንንሽ አረፋ እየሆነ አየሩ ወጣ፣ ፔዳሉ ጠነከረ። ዘይቱን ጠርጌ እጄን ሳልታጠብ ተቀመጥኩ። በእርግጥም አንድ ከሰዓት አልፈጀም።

ቀጥሎ ያለውን ሲሰሙ ይቆጡ ይሆናል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሻይ እየጠጣ ሳለ ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ። መጀመሪያ ማስታወቂያ መስሏቸው ዝም አሉ። ፍሬኑን አያይዞ መሥራት አቅቶኝ እንደለየሁት፣ እንዳልነገርኩዎት፣ ሲጠይቁኝም እንደዋሸሁ፣ ሆስፒታል ውስጥ ምን እንዳልኩዎት፤ አንዱንም አላስቀረሁም። ስንታየሁ ሲኒውን አስቀምጦ፣ “ያን ቀን ባልስቅ ኖሮ ትነግራቸው ነበር?” አለኝ። አዎ ብለው ደስ ባለኝ፤ ጥፋቱን እንካፈለው ነበር። “አላውቅም” አልኩት። ዘርይሁን ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ኋላ ተቀምጠው እንደነበር ያየሁት ከጨረስኩ በኋላ ነው። ወደኔ መጡ። ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። “እሱ ሰምቷል?” አሉኝ። አልሰሙም አልኳቸው። “እንግዲያው ከኔ አይሰማም። አንተ ነህ ዕድሜ ነው ያልከው፣ አይደለም የምትለውም አንተ ነህ። እስክትጽፍለት አፌን እይዛለሁ፤ ግን ቶሎ በል፤ ልጅቷ እየለቀሰች ነው” አሉኝ። ደብዳቤውን ያመጡልዎት እሳቸው ራሳቸው ከሆኑና ፊታቸው ተለውጦ ካዩት፣ ለዚህ ነው።

ለምን ከእኔ በፊት ለሰው ነገርክ ይሉኝ ይሆናል። ስለማውቅዎ ነው ጋሼ። ለብቻዎ ብነግርዎት፣ “በል፣ ይህ ነገር እኔና አንተ ጋ ይቅር” ይሉኝ ነበር። እግራቸው የከዳቸው ሽማግሌ እየተባሉ፣ ከዘራውን እንደያዙ፣ የኔን ስም ይጠብቁልኝ ነበር። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እሺ እል ነበር። ስለዚህ ነው አስቀድሜ ለሁሉም የተናገርኩት። አሁን ይቅር ሊሉኝ ይችላሉ፣ ላይሉኝም ይችላሉ፤ ሊሸፍኑልኝ ግን አይችሉም።

ሞተርዎ አልተሸጠችም። ፍሬኗን የሌላ ጋራዥ ሰው አይቶ፣ ነድቶም ሞክሯታል፤ በእኔ ቃል አይመኑ። ላቦራቶሪውም ሄጄ የወደቁበትን ምክንያት ነግሬያቸዋለሁ፤ የእርስዎን መልስ እንጠብቃለን ብለዋል። ይንዱ አልልዎትም። ያን የመጠየቅ መብት የለኝም።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን አንብበው ሲጨርሱ ከዘራውን እዚያው ይተዉትና ፎቅ ይውጡ። ሆሣዕናን ከአልጋዋ ያንሷት። ደረጃውን በቀኝ እግርዎ ይጀምሩት፤ ያን ቀን ዝናብ ላይ ፔዳሉን በረገጠው እግር። እሷ ስለ ፍሬንም ስለ እኔም የምታውቀው ነገር የለም፤ አንገትዎን ይዛ ትወርዳለች።

ፊትዎ ለመቆም የማይደፍረው፣
ተሻገር